ደንገሉ ሳይታሰር

ከሌሊቱ ስምንት፣ ሽምብጥ፣ ሦስተኛ ፎቅ፤
ጣና ከመስኮቱ ሥር በጨለማ ሲንቦጫረቅ፣
ጉማሬ ከሣር መሐል ሲያናፋ ይሰማኛል፤
ከፊቴ ስክሪኑ ላይ ጠቋሚው ይጠቅሰኛል።

የደቅ ጤና ጣቢያ፣ የሐይቁ ማዶ መስመር፣
አድራሻው ሊለወጥ ነው ሳይነጋ አገር።
ሥራው ቀላል ነበር፣ አምስት መስመር ጽሑፍ፤
አሮጌውን መንቀል፣ አዲሱን መለጠፍ፣
በሩን ለመንገዱ፣ መንገዱን ለበሩ
ማስተዋወቅ ነበር፣ ስም እንዲጠራሩ።
ጣጣው ከዚህ ላይ ነው፤ አንዱ ሌላውን ይጠራል፣
ሌላውም አንዱን። ማን ቀድሞ ይወለዳል?

አሮጌው ፕሮግራማችን ትዕግሥት አልፈጠረበትም፤
በሩን ስጽፍ «መንገዱስ? ያላየሁትን አልቀበልም!»
መንገዱን ሳስቀድም ደግሞ «በሌለ በር ወዴት?»
አሮጌውን ልነቅል ስል «ተይ፣ ገና ሰው አለበት!»
ልክ እንደዚያ ጸሐፊ፣ መታወቂያ ላወጣ ስሄድ
«መታወቂያሽን አሳዪ» ብሎ ከደጅ እንደሚያሳድድ።

ምንይችል፣ ተለማማጁ፣ ከኋላዬ ያዛጋል፤
«ፍተሻውን እናጥፋው፣ ምን ሙግት ያስፈልጋል?
በቀጥታ ከሚሠራው ላይ እንጻፈውና እንተኛ።»
ዝም አልኩት። ሐምሌ ትዝ አለኝ፣ ያምናው ሐምሌ፣ የእኛ።

አንድ ሰው እንዲሁ (ስሙን አልደብቅም፣ እኔ ነኝ)
ከሚሠራው ላይ ጻፈ። አንዲት ቁጥር ናት የጎደለችኝ።
ደቅ ሦስት ቀን ጸጥ አለ።
እምቦጩ የጀልባውን ሞተር አንቆ ጥገና አላሻግር አለ።
ሲስተር ትርንጎ የመድኃኒት ጥያቄዋን
በፌስታል ጠቅልላ ለታንኳ ቀዛፊ ሰጠች፤
ወረቀቷ ረጥባ በሦስተኛው ቀን ደረሰች።
ቀለሙ ፈስሶ የሁለት መድኃኒት ስም ብቻ ይነበባል።
ዛሬም ከመሳቢያዬ ነች።

ያለማቋረጥ የሚጮህ ዘበኛ ሰው አያሠራም፤
ጨርሶ የሚያንቀላፋም ሌባ አያስፈራራም።
ታዲያ መቼ ይጠየቅ?

ትናንት አሥር ሰዓት ላይ አያ ፈንቴ ከዳር ቁጭ ብሎ
ደንገል ያስር ነበር፣ ጭብጥ ጭብጡን ነጥሎ።
መንገደኛ ቆሞ «ይሄ እኮ ያፈስሳል» ቢለው፣
«ታንኳ መች ሆነና፤ ገና ደንገል ነው» አለው፣
«ውኃ ላይ ሳወርደው ናና ያኔ ፍረድ።»
ግን ልብ አልኩ፤ የበሰበሰች አገዳ እጁ ስትገባ
እስከ ማታ አላቆያትም፤
ያኔውኑ ወረወራት። ያልተቋጨውን እስር ግን አልተቆጣውም።

በቁጥር ቦታ ፊደል ጽፌ ሲጮህብኝ፣ ልክ ነው፣ ይጩኽ፤
እሷ የበሰበሰች አገዳ ናት።
ለቀረው ረቂቅ ከፈትኩ፣ ከሚሠራው የተለየ፣
ደቅ የማያየው፣ ማንም ያላየ።
በሩ መንገድ አልባ፣ ድልድዩ ግማሽ፣ ሁለት ስም ለአንድ ቤት፤
ሩብ ሰዓት ያህል ረቂቄ ውሸት ነበር፣
ማንንም ያልዋሸ ውሸት።

ዘጠኝ ተኩል ላይ «አሁን መርምር» አልኩት።
አንድ ነገር አገኘ፣ እኔ ያላየሁት፦
ያዲሱ አድራሻ ስፋት ከዘጌ ድርሻ ይገባል።
አላፈርኩም። በረቂቅ ማን ያፍራል?
አስተካከልኩና «አጽና» አልኩት፣ «ግን ለዐሥር ደቂቃ፤
ደግሜ አዎ ካላልኩህ ወደ ነበረው ተመለስ፣ በቃ።»

ምንይችል ነቃ። ሁለታችንም ዝም።
ሦስት ደቂቃ። አምስት። ከደቅ መልስ የለም።
በሰባተኛው አንዲት አረንጓዴ ነጥብ ብልጭ አለች፣
ጠፋች፣ ደግሞ መጣች፣ ቆመች።
«አዎ» ብዬ ጻፍኩ፤ ሁለት ፊደል፣ እጄ እየተንቀጠቀጠች።

«ባይመልስስ ኖሮ?» አለኝ።
«ይመለስ ነበራ፣ ወደ ትናንቱ።»
«ሁሉም?»
መሳቢያውን አየሁት። መልስ አልሰጠሁም።

ሲነጋ ከግቢው ጭቃ ላይ የጉማሬ ዱካ ነበር፣
እስከ ጄኔሬተሩ ድረስ መጥቶ
ወደ ሐይቁ የተመለሰ።